ዓሣ ያልጠበቀ

አባቴ ቡሽን ከቤታችን ያባረረው «ዓሣ ያልጠበቀ ልጄን ይጠብቃል?» ብሎ ነው።

ይህን ተናግሮ በሩን ዘጋ፤ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና የቀዘቀዘ ሻዩን ጨረሰ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቡሽ እኔን ለትዳር ሊጠይቅ ሲመጣ አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል፤ የእጥፋቱ መስመር ገና አልጠፋም። በመስኮቱ ሳየው መንገዱን ተሻግሮ ቆመ፣ ወደ ቤታችን ዞር አለ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ንግግሩ ደግሞ ማማሩ ነው ያናደደኝ። አባቴ ነገር ማሳመር ያውቅበታል፤ ሰው ሲያቆስል እንኳ ሌላው እንዲደግምለት አድርጎ ነው። በማግሥቱ ክበቡ በሙሉ ሲደግመው ሰማሁ።

ክበቡ የምለው የሐይቃችንን የዓሣ አጥማጆች ክበብ ነው። አባቴ ሊቀመንበር ነበር፤ እኔ ጸሐፊ። ጸሐፊ ማለት ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ሲኳረፉ ታስታርቃለች ማለት ነው። በሥራ ቀን መድኃኒት ቤት እውላለሁ። አባሎቻችን ዓሣ ከማጥመድ ይልቅ ስለ ዓሣ ማውራት የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ያመለጠው ዓሣ ሁልጊዜ ከተያዘው ይበልጣል፣ በየሳምንቱም ያድጋል። ቢሆንም ሥራ አይፈሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸምበቆ እናጭዳለን፣ ዳርቻውን ከጠርሙስና ከፌስታል እናጸዳለን፣ ወደ ውኃው የሚዘልቀውን የእንጨት ርብራብ እንጠግናለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴን ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ይኸው ክበብ ነበር።

ቡሽ መጀመሪያ የመጣው የጀልባችንን ሞተር ሊጠግን ነው። አንድ እግሩን ርብራቡ ላይ፣ አንድ እግሩን ጀልባው ላይ እንዳደረገ ጀልባው ፈቀቅ አለ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ዳቦ። ጋሽ ዳቦ ምክትል ሊቀመንበራችን ነው፤ ዳቦ ቤት አለው፣ አፉም እንደ ምድጃው ቀኑን ሙሉ አይዘጋም።

ምክሩ ዘግይቶ ነበር። ሰውዬው ሰመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ መፍቻውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ብቅ አለ። ረጅሙን የጀልባ መሳቢያ ዘንግ ዘርግቼ በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁት።

«መፍቻውን ለምን አልለቀቅከውም? ሊያሰምጥህ ነበር እኮ!»

«የሰው ነው» አለኝ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ተውሼው ነው።»

«ይሄ ቡሽ ነው እንጂ ሰው አይደለም!» አለ ጋሽ ዳቦ። «ቢሰምጥም ተመልሶ ብቅ!»

ስሙ በዚያው ቀረ። እኔ ግን በልቤ የያዝኩት ስሙን ሳይሆን መፍቻውን ነው። ለተዋሰው ብረት እንዲህ የሆነ ሰው፣ ለራሱ ለሆነው ነገር ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

በሳምንት ያልቃል የተባለው ሞተር ሁለት ወር ፈጀ። ጋሽ ዳቦ «ይህ ሞተር የጸሐፊዋን ሻይ ካልጠጣ አይነሳም መሰለኝ» እያለ ያፌዝብን ነበር። እኛ ብዙ አናወራም። እሱ ብሎን ይፈታል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መረብ እጠግናለሁ፤ ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፣ ቀና ሲል ዓይኔ እሱ ላይ። ሞተሩ በመጨረሻ ሲነሳ ሁለታችንም ከፋን። በማግሥቱ የአባልነት ክፍያውን ይዞ መጣና ልቤ አረፈ።

አባቴ ዝም ብሎ ያየን ነበር። አይቆጣም፤ አይስቅም። አንድ ቅዳሜ ግን ቡሽን ጠርቶ ስለ ነፋስና ስለ ውኃ ሲያስተምረው አየሁ፤ አባቴ የማይወደውን ሰው አያስተምርም።

ክበባችን በዓመት አንድ ጊዜ ከዓሣ ማራቢያው ጫጩት ዓሦች አምጥቶ ሐይቁ ውስጥ ይለቃል። ጫጩቶቹ የሚመጡት ውኃና አየር በተሞሉ ትልልቅ የላስቲክ ከረጢቶች ነው። የከረጢቱ ውኃ ሞቅ ያለ ነው፤ የሐይቁ ቀዝቃዛ። ስለዚህ ከረጢቶቹ አፋቸው እንደታሰረ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የውስጡና የውጩ ውኃ እስኪመሳሰል ይጠበቃል። ከዚያ በፊት የከፈታቸው ሰው ገደላቸው ማለት ነው። «ሙቅ አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን አንስታችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክራላችሁ?» ይላል አባቴ በየዓመቱ።

ለዚህ ሥራ አንድ ጠባቂ ይመረጣል። ጠባቂው ርብራቡ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ እጁን ሐይቁ ውስጥ፣ አንድ እጁን ከረጢቱ ላይ አድርጎ ይመዝናል። ቴርሞሜትር ጠፍቶ አይደለም። አንድ አለን፤ አባቴ ግን «እጅ አይዋሽም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ጠባቂው «ደረሰ» ሳይል ማንም ከረጢት አይነካም። ይህ ክብር ሁልጊዜ የሚሰጠው ፀጉሩ ለሸበተ ሰው ነው።

ዘንድሮ አባቴ ለቡሽ ሰጠው።

«ይሄ ግማሽ እሺታ ነው» አለኝ ቡሽ በደስታ። «ግማሹን እኔ መጥቼ እጠይቃለሁ።»

በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። አባላቱ አዳራሽ ገብተው በትልቁ መስኮት አጠገብ ተሰበሰቡ፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ስኒ አጥባለሁ። ሻዩን ይዤ ስወጣ ከረጢቶቹ ተከፍተው፣ ጫጩቶቹ ተለቀው ነበር። ሰዉ ያጨበጭባል። አባቴ ርብራቡ ጫፍ ላይ ቆሟል። ቡሽ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ውኃውን ያያል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ምንም» አለኝ። «በርዶኝ ነው።»

ጠዋት ስንመጣ ዳርቻው ነጭ ነበር። ትንንሾቹ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው፣ ሞገዱ እየገፋ ድንጋዩ ላይ ከምሯቸዋል። ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ያዘ። የማራቢያው ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ አንዷን አንስቶ አገላብጦ አያትና ቀና አለ።

«ማነው ሳይደርስ የከፈተው?»

አባቴ አፉን ከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ሐዘን ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

«እኔ ነኝ» አለ ቡሽ።

«እንግዲህ ክበቡ አጥፊውን ካልቀጣ ለከርሞ ጫጩት አንሰጥም» ብሎ ባለሙያው መኪናው ውስጥ ገባ።

አባቴ ለእሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ቡሽ ከክበቡ ይሰረዛል ወይስ አይሰረዝም። የተሰረዘ ሰው የአባላትን ጀልባ መንካት አይችልም፤ የቡሽ እንጀራ ደግሞ ያ ነው። አጎቱ ሩቅ ከተማ ጋራዥ አለው። ከተባረረ ወደዚያ መሄዱ ነው፤ አባቴ ደግሞ አንድ ልጁን ለተባረረ ሰው ሰጥቶ አይሸኝም።

ይህ ሁሉ እያለ ነው እንግዲህ ቡሽ በሳምንቱ መሐል አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እኔን ሊጠይቅ የመጣው። «አሁን አትምጣ፤ ትንሽ ይብረድ» ስለው «አባትሽ ይረዱኛል» አለኝ። ምን አስተማመነው ብዬ ገረመኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተናግሬአለሁ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ክበቡ ሄድኩ። ባዶዎቹን ከረጢቶች አጥቦና አጥፎ ለማራቢያው መመለስ የጸሐፊ ሥራ ነው። እንባዬን እየዋጥኩ፣ ቡሽን እየረገምኩ ነበር የማጥባቸው። ምን አጣደፈው? ትንሽ ቢታገሥ ምን ነበረበት? ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ ቀን ሲዘጋጅ ኖሮ በዚያች ቀን ይቸኩላል?

ሁለት ሦስት ካጠብኩ በኋላ እጄ ቆመ።

የከረጢቶቹ አፍ በወፍራም ጎማ ተጠምዝዞ ነው የሚታሰረው። ቡሽ ጎማ አይጥልም። ሞተር ስጠግን ይጠቅመኛል ብሎ እየፈታ እጁ አንጓ ላይ ያጠልቀዋል፤ ሁልጊዜ አምባር ያደረገ ይመስላል። እዚህ ግን ጎማዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። አፋቸው ከጎማው በታች በቢላ ተሰንጥቋል። ሁሉንም አገላበጥኳቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ናቸው።

በክበባችን እንዲህ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። አባቴ ጣቶቹ ከደረቁ ወዲህ ቋጠሮ አይፈታም። የዳቦ ፌስታልም ይሁን የጀልባ ገመድ በኪስ ቢላው ይቆርጠዋል።

እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ለቅሶም አልመጣልኝ። አባቴ በር ላይ ቆሞ «ዓሣ ያልጠበቀ» ሲል ድምፁ እንዴት ጠንካራ እንደነበር ብቻ አስብ ነበር።

ወደ ቡሽ መሥሪያ ክፍል ሮጥኩ። ዕቃውን በሣጥን እየከተተ ደረስኩበት።

«ሳይፈረድብህ ጓዝህን ትጠቀልላለህ?»

«እሑድ ከምጣደፍ ብዬ ነው።»

ከረጢቱን ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ነፋሱ ከረጢቶቹን ወደ ድንጋዩ ሲገፋቸው ገመድ ላመጣ ሮጥኩ» አለ በመጨረሻ። «ስመለስ አባትሽ ሁሉንም ከፍተዋል። ምን ልበል? ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደርሶ ይሆናል አልኩ።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት አፋቸውን ከፍተው ቃል እምቢ ሲላቸው አየኋቸው። አንጀቴን በሉት።»

«አንጀትህን ሲበሉት እኔን ረሳኸኝ?»

«አንቺን ብዬ እኮ ነው!» ድምፁ ከፍ አለ፤ ወዲያው ራሱ ደነገጠ። «ውለታዬን ያውቃሉ ብዬ ነው። ለልጄ የሚሆን ሰው ይኸውና ይላሉ ብዬ።»

«አንተ ሞኝ!» አልኩት። ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላወቅኩም። «አባቴ ውለታህን ማወቁ ነው ያቃጠለው። አንተን ባየ ቁጥር የሚያየው ያጠፋውን ነው። በሩን የዘጋው ባንተ ላይ መሰለህ?»

ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እጁ አንጓ ላይ ያሉትን ጎማዎች አንድ በአንድ አሽከረከረ።

«እንግዲህ አንቺም ዝም በይ» አለኝ። «ያን ክበብ ካጡ ምን ይቀራቸዋል? እኔ የትም ሠርቼ እበላለሁ። ቃል ስጪኝ።»

«አልሰጥህም።»

«ከወደድሽኝ...»

«ስለምወድህ ነው የማልሰጥህ። ለአባቴ የምትሰጠው የራስህን ብቻ አይደለም፤ የኔንም ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ወጥቼ ስሄድ አልተከተለኝም፤ ይከተለኛል ብዬ ግን እስከ መታጠፊያው ቀስ እያልኩ ነበር የምራመደው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ከረጢቱን ከአባቴ ሳህን አጠገብ አኖርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንሺው።»

«አባዬ...»

«አንሺው አልኩሽ። ማዕድ ላይ ነን።»

አላነሳሁትም። አባቴ ከረጢቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ዘረጋው። መዳፉ ላይ ገና ያልሻረ ትልቅ የቃጠሎ ቁስል ነበር። መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ሳይ እውላለሁ፤ የገዛ አባቴን ግን አላየሁም።

«የጋለ ድስት ይዤ ቆዳዬ ሲሸተኝ ነው ያወቅኩት» አለ። «ይህ እጅ ከደነዘዘ ቆይቷል፣ ልጄ። ሙቅም ቀዝቃዛም አይለይ። ያን ዕለት ልጁ ቦታው ላይ የለም፣ ነፋሱ ይገፋቸዋል። እጄን ሐይቁ ውስጥ ነከርኩ፣ ከረጢቱን ነካሁ፤ አንድ ሆኑብኝ። ደርሷል ብዬ ነው። እውነቴን ነው፣ ደርሷል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይህን ንገራቸው! ማን ይፈርድብሃል?»

«ዕድሜዬን ሙሉ እጅ አይዋሽም ስል ኖሬ? ውኃ የማያውቅ እጅ ይዤ ማን ፊት ነው የምቆመው?»

«ቡሽስ? እኔስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔ ነኝ ያለው ራሱ ነው። እኔ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ።»

ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። አባቴን በዚያች ሰዓት ጠላሁት። ያንን መዳፍ ይዤ መሳም ደግሞ አማረኝ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ሌሊቱን ከሁለቱ ጋር ስገላበጥ አደርኩ። ብናገር አባቴን በቁሙ ልገድለው ነው። ዝም ብል ቡሽ ይሄዳል፣ እኔም ቀሪ ዘመኔን ይህን ከሚያውቅ አባት ጋር አንድ ማዕድ ስበላ ልኖር ነው።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ሌላ ጊዜ ለስብሰባ የሚለመኑት ሁሉ በሰዓታቸው መጡ። ቡሽ ኋላ ተቀምጧል፤ ያንኑ ሸሚዝ ለብሷል። አባቴ አጀንዳውን ራሱ አነበበ። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠ።

«የሚናገረው ነገር አለ?»

«የለኝም» አለ ቡሽ።

«ይሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ። ጸሐፊ፣ ቁጠሪ።»

እጆች ቀስ በቀስ ወጡ። የመጨረሻው ጋሽ ዳቦ ነበር፤ እሱም እጁን ያነሳው እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ነው።

ልቆጥር ቀና አልኩ። ሰው ላይ ሲፈረድ ፊቱ ይታያል፤ በንዴትም ቢሆን በሐዘንም ቢሆን። እዚህ ግን ቡሽን የሚያየው የለም። አባቴንም የሚያየው የለም። ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው። አንዲት ሴትዮ ትልቁን መስኮት ሰረቅ አድርጋ አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። እኔም ዞሬ አየሁ። ርብራቡ እስከ ጫፉ ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጓዳ ሆኜ ስኒ ሳጥብ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የቀሩት ሁሉ እዚህ መስኮት ላይ ነበሩ። ለኔ ምስጢር የመሰለኝ ነገር ለነሱ የአደባባይ ምስጢር ነበር።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«አልቆጥርም።»

«ጸሐፊ!» አለ አባቴ።

«ከመቁጠሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ።» ወደ ትልቁ መስኮት ጠቆምኩ። «ከረጢቶቹ ሲከፈቱ በዚህ መስኮት ያላየ ሰው፣ እሱ እጁን ያውጣ። ያየ ያውርድ።»

ቡሽ ከኋላ ብድግ ብሎ «ተይ!» አለ። አልተውኩም። እጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ጋሽ ዳቦ የሱን ወደ አናቱ ወስዶ ፀጉር የሌለበትን ራሱን አከከ።

አባቴ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየው። በሕይወቴ እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ታውቁ ነበር?» አለ።

«ሊቀመንበር፣ እንግዲህ...» ጋሽ ዳቦ ተነሳ። «ይሉኝታ ያዘን። አንተን በሰው ፊት እንዴት እናሳፍርህ?»

«ልጁንስ?»

«ልጁማ... ልጁ ቡሽ ነው። ቢሰምጥም ተመልሶ ብቅ ይላል ብለን ነው።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ዳቦ ራሱ የተናገረውን ሲሰማው ፊቱ ተለዋወጠና ተቀመጠ።

አባቴ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። «የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። ስለ ድስቱ ነገራቸው፤ ስለ ውኃው ነገራቸው። አላሳመረውም፤ እንደመጣለት ነው የተናገረው። ከዚያ ወደ ቡሽ ዞረ፣ መልሶ ዓይኑን ሰበረ። ኮቱን አነሳ። «ሊቀመንበርነቱን የሚሰማ እጅ ላለው ስጡት» ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ።

«ደስ ይበልሽ» አለኝ።

ርብራቡ ላይ ሆኜ ሳለቅስ ቡሽ መጣ። አጠገቤ አልተቀመጠም።

«አባትሽን አይተሻቸዋል?» አለኝ። «ሰው እንዲህ ይደረጋል? እኔ ብሄድ ይሻል ነበር።»

«ለማን ይሻል ነበር?» እንባዬን ጠረግሁ። «አንተም እንደነሱ ነህ። ሁላችሁም አዝናችሁለት ዋሻችሁት። አሁን ቤት ገብቼ የማያናግረኝ አባት ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም። እሱን ከፍዬ ነው አንተን ያስቀረሁህ። መሄድ ከፈለግክ ሂድ፤ ግን ለአባትሽ ብዬ ነው እንዳትለኝ።»

ውኃው ርብራቡን ከሥር ይመታል። በኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘ።

«አልሄድም» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ክበቡ የሆነውን ለማራቢያው አስረድቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጋሽ ዳቦ ሊቀመንበር ተባለ፤ መጀመሪያ ያደረገው ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያው ማውጣት ነው። አባቴ ወደ ሐይቁ መሄድ ተወ። እኔንም አላናገረኝም። ያቀረብኩለትን ይበላል፤ «ተመስገን» ይላል፤ የሚለው ግን ለግድግዳው ነው። «አባዬ» ስለው ጋዜጣውን ይገልጣል። ድምፁ እየናፈቀኝ፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩም ናፍቆት እንዳለ ያኔ አወቅኩ።

ቡሽ ዳግመኛ መጥቶ በሩን አንኳኳ። አባቴ ከፈተለት፤ ፊት ለፊት ቆሙ።

«እኔን አትጠይቀኝ» አለው አባቴ፣ ቡሽ አፉን ሳይከፍት። «አንተን እሺም እምቢም የምልበት አፍ የለኝም። እሷን ጠይቃት።» በሩን እንደተከፈተ ትቶለት ወደ ጓሮ ወጣ።

እኔንማ ጠይቆኝ ነበር፤ ያውም ስንት ጊዜ።

አባላቱ ሠርጋችሁ በአዳራሻችን ይሁን ብለው ለመኑን። ልመናው የካሳ መሆኑ ገባንና እሺ አልን። ማታውን አክስቴ ቤት ሄጄ አደርኩ። ስወጣ ለአባቴ «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ነው» ብዬው ነበር፤ ጋዜጣውን ገለጠ።

በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ወንበሩ ባዶ ነበር። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ዳቦ ጠጋ ብሎ «እንጀምር ይሆን?» አለኝ። ቡሽን አየሁት። ሁለታችንም ተነሳን። ወደ ቤታችን የሚያወጣውን መንገድ በእግራችን ያዝነው፤ የቀሚሴን ጫፍ ቡሽ ይዞልኛል። እንግዶቹ ከኋላ ከኋላ ተከተሉን፤ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ይሉኝታ ያዛቸውና ቆሙ።

በሩ አልተቆለፈም። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ክራቫቱን አድርጓል፤ ጢሙን ሲላጭ አገጩ ሥር ተቆርጧል። ጫማዎቹን አጥልቋቸዋል፣ ክሮቹ ግን በየፊናቸው ወለሉ ላይ ወድቀዋል። አንደኛው ክር ከመያዝና ከመጎተት ብዛት ጫፉ ተበትኗል። ጣቶቹ ከደረቁ ጀምሮ የአባቴን ጫማ በየጠዋቱ የማስረው እኔ ነበርኩ። ከስብሰባው ወዲህ እኔን ላለመጠየቅ በነጠላ ጫማ ነው የሚውለው፤ ከእልሁ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ከስንት ሰዓት ጀምሮ ሲታገል እንደነበር እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። አለመምጣቱን እንደ ቁጣ ቆጥረን ስንጠብቅ እሱ እዚህ ጫማውን ማሰር አቅቶት ተቀምጧል።

ቡሽ ሊንበረከክ ሲል በእጄ ከለከልኩት። ነጩን ቀሚሴን እንደለበስኩ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ክሩን አነሳሁ። አባቴ ከላይ ሲያየኝ ይሰማኛል። አስሬ ስጨርስ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ቀሚስሽ ይቆሽሻል» አለኝ።

«ይቆሽሽ» አልኩት።

ሁለተኛውን እግሩን ሰጠኝ።